ሌባ ጣት

እትዬ ሜትር ከደረጃ ላይ የወደቁት ሰኞ ጠዋት ነው። ስፌት ቤቱ የወደቀው ማክሰኞ ነው።

እትዬ ሜትር ትክክለኛ ስማቸው አልነበረም። ግን በሌላ ስም ሲጠሩ የሰማ ሰው የለም። የልብስ መለኪያ ሜትሩ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። ሐኪም ቤት ሲገቡም አብሯቸው ገባ፤ ያወለቀችላቸው ነርሷ ናት።

ስፌት ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ከፊት መስታወትና የደንበኛ ወንበር አለ። ከኋላ የስፌት መኪናዎቹ፣ ካውያውና ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ አሉ። በመካከል የጣውላ ግድግዳ አለ። እትዬ ሜትር መስታወቱ ፊት ቆመው ይለካሉ፣ ልኩን ይጠራሉ። ከግድግዳው ጀርባ ቆራጩ የሰማውን ይደግማል። እትዬ «ልክ!» ካሉ ቆራጩ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። «ልክ!» ካላሉ እጁን አያነሣም። ወረቀት በመካከላቸው ገብቶ አያውቅም። ለዓመታት እንዲህ ሠሩ። ልብሱም ሰው ላይ ልክክ ይል ነበር።

አሁን የእኚህ ሴት ቀኝ እጅ ጀሶ ውስጥ ገባ።

ማክሰኞ ዕለት የስፌት ቤቱ ባለቤት ራሳቸው ሊለኩ ተነሡ። ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ጋሼ ጨርቅ መምረጥና ደንበኛ ማጫወት ያውቃሉ። ሲያጫውቱ የአንዱን ሰውዬ ትከሻ ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ወገቡን ረሱት። ደንበኛው ያለ ወገብ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ብርቱካን ገዝተው ሐኪም ቤት ሄዱ።

«እጅሽ እንዴት ነው?» አሉ። መልሱ ሳያልቅ ደግሞ፣ «ማን ይለካልኝ?» አሉ።

«የእህቴ ልጅ አለች» አሉ እትዬ። «መጋረጃ ቤት ነው የምትሠራው። ሰሞኑን ሥራ ቀዝቅዞባቸዋል።»

«መስኮት የምትለካ ልጅ ሰው ትለካልኛለች?»

«መስኮትም ትከሻ አለው፣ ጋሼ።»

ረቡዕ ጠዋት መጣች። ቀጠን ያለች፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ የጠቀለለች ልጅ ናት። ሰው ስታይ ዓይን ዓይኑን ሳይሆን ዳር ዳሩን ታያለች። መስኮት ስትለካ የኖረች ሰው አስተያየት ነው። የመጀመሪያ ደንበኛዋ ሆዱ የገፋ መድኃኒት ሻጭ ነበር። ሜትሯን ደረቱ ላይ አዞረችና ዝም ብላ ቆመች። ሰውዬውም ትንፋሹን ይዞ ቆመ። ላብ ላብ አለው።

«ኧረ ይተንፍሱ!» አለችው ደንግጣ። «ይቅርታ፣ መስኮት አይተነፍስም።»

ከኋላ ክፍል ሳቅ ተሰማ። የሳቀው ሬድዮ ነው። ሬድዮ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጎልማሳ። መኪናው ሲቆምም አፉ ስለማይቆም ነው ይህን ስም ያገኘው።

«መጋረጃ!» አላት። ስሙ በዚያው ጸና።

«ደረት መቶ ስድስት» አለች።

«ምን?» አለ ቆራጩ ከግድግዳው ጀርባ።

«ደረት መቶ ስድስት።»

«ከፍ አድርጊው!»

«ደረት መቶ ስድስት!» ብላ ጮኸች። በመንገድ የሚያልፍ አንድ ሰው ቆሞ የራሱን ደረት አየ።

«መቶ ስድስት» አለ ቆራጩ።

ዝም አለች።

«መቶ ስድስት!»

«ብያለሁ እኮ። ጆሮው ነው እንዴ?» አለች ለመድኃኒት ሻጩ።

«‹ልክ› በይው እንጂ!» ሬድዮ ጣልቃ ገባ። «አንቺ ‹ልክ› ካላልሽው እስኪመሽ መቶ ስድስት ሲል ነው የሚውለው።»

«ልክ» አለች።

ከጣውላው ማዶ ጠመኔው ጨርቅ ላይ ሲሄድ ተሰማት። ደስ የሚል ድምፅ ነበር።

ፊት ለፊት የተያዩት በምሳ ሰዓት ነው። በጓሮ በኩል፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ቆራጩ ዳቦ በእንቁላል ይዞ ተቀምጧል። ረጅም ነው፤ ከማጎንበስ ብዛት ትከሻው ትንሽ ወደ ፊት መጥቷል። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። የግራ እጁ ሌባ ጣት ነጭ ነው። ጠመኔ ነው፣ ቢታጠብም ቶሎ አይለቅም።

ብርቱካን ይዛ መጣች።

«አንተ ነህ ግድግዳው?» አለችው።

«አንቺ ነሽ መጋረጃዋ?»

ሁለቱም ሳቁ። ብርቱካኑን ላጠችና ግማሹን ሰጠችው። «ከአክስቴ ቤት ነው። ከሐኪም ቤት ወጥታለች፤ እኔ ነኝ የማስታምማት። ጠያቂው ሁሉ ብርቱካን ነው የሚያመጣው። ቤቱ አትክልት ቤት ሆኗል።»

«እንዴት ናቸው?»

«የታመመው እጇ ነው፤ አፏ ደህና ነው።»

ቆራጩ ፈገግ አለ። እትዬ ሜትርን ያውቃቸዋል። ልጅነቱን ሳይጨርስ ነው እዚህ ቤት የገባው። መቀስ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። እናት አልነበረችውም፤ ምሳቸውን ያካፍሉት ነበር።

የድሮ ደንበኞች አስቸገሩ። አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ «እትዬ ካልለኩኝ አልለካም» ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ለመኗቸው። አልተንቀሳቀሱም። ልጅቷ ምንም ሳትል ለአክስቷ ስልክ ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ መስታወቱ ሥር አስቀመጠችው።

«ዳኛ!» አለ ስልኩ። «ይነሡና ቀጥ ብለው ይቁሙ! ሆድዎን ቢደብቁትም አውቀዋለሁ። ልጅቷን እንዳያስቸግሩብኝ!»

ዳኛው ተነሥተው ቀጥ አሉ። ፍርድ ቤት ሌላውን ሲያስቆሙ እንደኖሩት ነው የቆሙት። ከዚያ ቀን ወዲያ ማንም አልተቃወመም። ስፌት ቤቱ እንደገና መሄድ ጀመረ።

እሷ ትጠራለች፣ እሱ ይደግማል። በመካከል ጣውላ አለ። ድምፅ ግን ሲላመዱት ብዙ ነገር ይናገራል። ሲደክማት ቁጥሩን ቶሎ ትጨርሰዋለች። ደንበኛው ካሳቃት «ወገብ» የሚለው ቃል መሃሉ ላይ ይሰበርባታል። እሱ ይህን ሁሉ አወቀ። እሷም፣ ሲያፍር ጉሮሮውን እንደሚጠርግ፣ ደስ ሲለው ቁጥሩን እንደሚያስረዝመው አወቀች።

ሬድዮም አወቀ።

«ድሮ ሰማንያ አራት ለማለት ትንፋሽ አይፈጅበትም ነበር» አለ መኪናውን እየረገጠ። «አሁን ዘፈን ሆኗል። ሰማንያ... አራት! እህ! ሱሪ ነው የምንሰፋው ወይስ ሠርግ ነው የምንደግሰው?»

«ሥራህን ሥራ» አለው ቆራጩ።

«ልክ!» አለች እሷ ከማዶ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ከሥራ ሲወጡ እስከ አውቶቡስ መቆሚያው አብረው መሄድ ጀመሩ። በመንገድ ላይ ጨዋታ ነበራቸው። ከፊታቸው የሚሄደውን ሰው ትከሻ በዓይን ይለካሉ።

«ያ ባለ ባርኔጣው?»

«አርባ ሰባት» ይላል እሱ።

«አርባ ስድስት። ኮቱ ውስጥ ትከሻ የሚያሰፋ ስፖንጅ አለው።»

«የዚያችስ፣ ጃንጥላ የያዘችው?»

«ሠላሳ ስምንት። የእኔስ?» አለችው አንድ ቀን።

ጉሮሮውን ጠረገ። «አላየሁም።»

«ስታይ ነው የከረምከው።»

አውቶቡሱ መጣ። ባይመጣ ምን እንደሚል ራሱም አያውቅም።

«የቱ ይሻላል፣ መስኮት ወይስ ሰው?» ብሎ ጠየቃት በማግስቱ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ።

አሰበችበት። «መስኮት ሆዱን አይደብቅም። ሰው ሜትር ሲያይ ሁሉ ነገሩን ወደ ውስጥ ይስባል። እስኪለቀው እጠብቃለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪለቀው ነዋ። ሁሉም በመጨረሻ ይተነፍሳል።»

ይህን ስትል ዓይኑን አየችው። ዳር ዳሩን አልነበረም። ቆራጩ ትንፋሹን ይዞ እንደነበር ያን ጊዜ ታወቀው።

ከዚያ ልብሶቹ መመለስ ጀመሩ።

መጀመሪያ የመጣው መድኃኒት ሻጩ ነው። አዲሱን ኮቱን ለብሶ መስታወቱ ፊት ዞረ። «ከነሚስቴ እገባበታለሁ» አለ። ጋሼ አብረውት ሳቁ፤ ሲወጣ ግን ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ቀጥሎ አንድ አስተማሪ መጣ። እጅጌው መዳፉ ላይ ደርሷል። ከዚያ ሆቴሉ መጣ።

ሆቴሉ አዲስ ነው፤ ሊከፈት ነው። የሠራተኞቹን ሁሉ ልብስ ለዚህ ቤት ሰጥቷል። ግማሾቹ ተለክተው ኮታቸውን ወስደዋል። የቀሩት በሚመጣው ሰኞ ይለካሉ። እንዲህ ያለ ሥራ ለጋሼ በየዓመቱ አይመጣም። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ አስተናጋጆቹን አሰልፎ ገባ። ኮቶቹ ከትከሻቸው ወርደዋል፣ ወገባቸው ላይ ተነፍተዋል።

«አስተናጋጅ ነው የቀጠርኩት ወይስ ድንኳን?» አለ።

ደስ ያለው የሆቴሉ በረኛ ብቻ ነበር። «የእኔን እንዳትነኩት፤ ተመችቶኛል» አለ። ጋሼ አልሰሙትም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጋሼ ኮቶቹን በክንዳቸው ተሸክመው የግድግዳው በር ላይ ቆሙ።

«ማነው?» አሉ።

ሁሉም ወደ እሷ አየ። እትዬ በነበሩበት ጊዜ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከእሷ ሌላ አዲስ ሰው የለም።

ቆራጩ ሊያድናት ፈለገ። «ጋሼ፣ መጋረጃ ሲለካ ለእጥፋት ይተዋል። ልማድ ሆኖባት ይሆናል። ይስተካከላል።»

ፊቷ ተለወጠ።

«እኔ ለእጥፋት አልተውኩም» አለች። ድምፅዋን አላነሣችም። «ሰውና መስኮት እለያለሁ።»

ከሰዓት በኋላ አንዱ አስተናጋጅ ኮቱን ሊያስጠብብ ተመለሰ። እሷ ክር ልትገዛ ወጥታ ነበር። ቆራጩ ራሱ ለካው። ትከሻ አርባ አራት። እሷም አርባ አራት ነበር ያለችው። ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ፣ ሁሉም እንዳለችው ነው። ከዚያ ኮቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ለካ። በየቦታው አንድ ጣት ይተርፋል።

የግራ እጁን አየ።

ጨርቅ ላይ ልኩን ካመለከተ በኋላ፣ ከምልክቱ ጎን ሌባ ጣቱን ያስተኛል። ጠመኔው የሚያሰምረው ከጣቱ ማዶ ነው። ጣቱ ነጭ የሆነው ለዚህ ነው። ምክንያት ነበረው። እትዬ ሜትር ሜትሩን አጥብቀው ይስባሉ፤ የሚጠሩት ልክ ከሰውየው ይጠብባል። እንደጠሩት ቢቆረጥ ደንበኛው ልብሱ ውስጥ አይገባም። ልንገራቸው ቢል፣ ምሳ ያካፈሉትን ሴት፣ ያውም ሜትር የተባሉትን ሴት፣ መለካት አይችሉም ሊል ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ አንድ ጣት ይጨምርላቸው ነበር። ዓመታት አለፉ። እጁ ለመደው፣ ጭንቅላቱ ረሳው። ልጅቷ መጥታ ትክክለኛውን ልክ ስትጠራም ጣቱ እንደ ድሮው እዚያው ይተኛ ነበር።

በዚያው ሰዓት ጣቱን አነሣ። የሆቴሉን ኮቶች እየፈታ አጠበበ፤ የበረኛውን ብቻ ተወው። አዲስ የመጡትን የሌሎች ደንበኞች ልብሶች በልካቸው ቆረጠ። ለማንም ምንም አላለም።

ልብሶቹ ልክክ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ደውሎ አመሰገነ። ጋሼ እጃቸውን እያፋተጉ መጡ።

«መጋረጃ ተማረች!» አሉ።

«ሰው ሆነች በሉ እንጂ!» አለ ሬድዮ። አጨበጨቡላት።

እሷ መሃል ቆማ ሁሉንም አየች። «ምን ተማርኩ?» አለች።

«መለካት ነዋ!»

ወደ ቆራጩ ዞረች። ቆራጩ ጨርቁ ላይ አቀርቅሯል። እየቆረጠ ግን አልነበረም። መቀሱ እንደተዘጋ ነው።

በምሳ ሰዓት ከወንበሩ ሌላ ጫፍ ተቀመጠች። ብርቱካን አላመጣችም።

«ትናንትም ዛሬም የለካሁት በአንድ እጅ ነው» አለች። «እኔ የቀየርኩት ነገር የለም። የቀየርከው አንተ ነህ።»

ዳቦውን መልሶ ጠቀለለ።

«ኮት ተበላሸ ብዬ አይደለም። ኮት ይፈታል፣ ይሰፋል። ሰው ሁሉ ፊት ‹ለእጥፋት ትታ ይሆናል› አልክ። ሰው ሁሉ ፊት አጨበጨቡልኝ። ባላጠፋሁት ጥፋት ምሕረት ተደረገልኝ። ይሄ ለእኔ አይዋጥልኝም።»

«እትዬ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

ጠበቀች። ደንበኛ ትንፋሹን እስኪለቅ እንደምትጠብቀው አድርጋ ጠበቀች። አልለቀቀም።

«ቅዳሜ የመጨረሻዬ ነው» አለች ተነሥታ። «ወደ መስኮቶቼ እመለሳለሁ።»

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። ሰኞ የሆቴሉ ሰዎች ይመጣሉ። እትዬ ከነጀሷቸው ቤት ናቸው። ልጅቷ ከሄደች ማን ሊለካ ነው? ሬድዮን ላኩባት። ሬድዮ ብዙ ተናገረ።

«ጨርሰሃል?» አለችው።

«አልጨረስኩም።»

«እንግዲያው ቀጥል» ብላው ወደ ደንበኛዋ ሄደች።

እስከ ቅዳሜ ሥራዋን አላጓደለችም። ትጠራለች፣ እሱ ይደግማል፣ «ልክ» ትላለች። ግን ያ «ልክ» መሳቢያ ሲዘጋ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ሬድዮ እንኳን አልቀለደበትም።

ዓርብ ከሥራ ሲወጣ ቆራጩ ወደ እትዬ ቤት ሄደ። እትዬ አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጀሶው ደረታቸው ላይ ነው። ሜትሩ ራስጌያቸው ላይ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው በብርቱካን ተሸፍኗል። እሱም ብርቱካን ይዞ ነበር።

«አንተም?» አሉት። «እናንተ ሰዎች ሌላ ነገር አይታያችሁም?»

ልጅቷ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታለች። ቆራጩ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ የምነግርዎ ነገር አለ። ይቀየሙኛል።»

«እንደምቀየም ካወቅክ ለምን ትነግረኛለህ? በል ተናገር።»

ነገራቸው። ሜትሩን አጥብቀው እንደሚስቡ፣ እሱ አንድ ጣት እንደሚጨምር፣ ይህን ሁሉ ዓመት እንደደበቃቸው ነገራቸው። ሲናገር ነጩን ጣቱን በሌላው እጁ ሸፍኖ ነበር። ሲጨርስ ቀና ብሎ ማየት ፈራ።

እትዬ ሜትር ይስቃሉ። ጀሶው ከደረታቸው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

«አንተ ቂል» አሉት። «ለምን እንደማጠብቅ አታውቅም?»

«እጅዎ ከብዶ ነዋ።»

«እጄ! መቀስ የያዝክ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ጨርቅ አበላሻለሁ እያልክ እየፈራህ ሁሉንም አስፍተህ ትቆርጥ ነበር። ጋሼ ቢያውቁ በዚያው ቀን ያሰናብቱህ ነበር። እኔም ምንም ሳልል ሜትሩን አጥብቄ መሳብ ጀመርኩ። አንተ ስታሰፋ እኔ ሳጠብብ፣ ልብሱ ልክ ወጣ።»

ቆራጩ የሸፈነውን ጣቱን ገልጦ አየው።

«እኔ እኮ ፍርሃቱ ከለቀቀኝ ቆየ» አለ በመጨረሻ። «ልብሱ መጥበብ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። እርስዎ እየደከሙ መስሎኝ...»

«እኔ ደግሞ አሁንም ትፈራለህ ብዬ።»

ከዚያ እትዬ ብርቱካን አንሥተው በግራ እጃቸው ወረወሩለት።

«ሌባ ጣት ይሉታል» አሉ፣ ነጩን ጣት እያዩ። «ያንተ ግን ሲሰጥ ነው የኖረው።»

«ከልጅቷ ሰርቋል፣ እትዬ።»

እትዬ ሳቃቸውን አቆሙ። ከላይ እስከ ታች አዩት። ያለ ሜትር ለኩት።

«እንግዲያው ለእኔ መንገርህ ምን ያደርጋል? ለእሷ ንገራት። ያውም ሰው ፊት። የወሰድክባት ሰው ፊት ነው።»

«የእርስዎ ስምስ?»

«ስሜ ሜትር ነው። ሜትር በአንድ ጣት አይሞትም። ሂድ፤ ብርቱካንህንም ይዘህ ሂድ።»

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ሞልቶ ነበር። መድኃኒት ሻጩ የተስተካከለ ኮቱን ሊወስድ መጥቷል። ሌላ ደንበኛ መስታወቱ ፊት ቆሟል። ልጅቷ ሜትሯን ትከሻው ላይ ዘረጋች።

«ትከሻ አርባ ስድስት!»

ከግድግዳው ጀርባ መልስ አልመጣም።

«ትከሻ አርባ ስድስት!»

ቆራጩ በበሩ ወጣ። ቤቱ ሰው በሞላበት ሰዓት በዚያ በር ወጥቶ አያውቅም። የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«ጋሼ» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ኮቶቹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በልኩ ነው የለካችው። እኔ ነኝ በየቦታው አንድ ጣት ስጨምር የነበርኩት። ለእጥፋት ትታለች ያልኩት ሐሰት ነው። ካወቅኩ በኋላም ዝም አልኩ። እሷ የተማረችው ነገር የለም።»

ጋሼ ግራ ገባቸው። «አንተ ለምንድን ነው የምትጨምረው?»

«እትዬ አጥብቀው ስለሚስቡ።»

«እሷስ ለምን አጥብቃ ትስባለች?»

«እኔ አስፍቼ እቆርጥ ስለነበር።»

«ለምን ታሰፋለህ?»

«እርስዎን ስለምፈራ።»

ጋሼ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ቆይ፣ ቆይ» አሉ። «ይሄን ሁሉ ዓመት በዚህ ቤት አንድም ትክክለኛ ልክ አልተጠራም ማለት ነው?»

«አልተጠራም።»

«ልብሱ ግን ልክ ነበር!»

«ልክ ነበር።»

«ሁለት ውሸታም ቀጥሬ ነዋ ስሜ የተጠራው!» ጋሼ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። መድኃኒት ሻጩ ኮቱን አገላብጦ አየው።

«የእኔ አሁን እውነተኛው ነው ወይስ ውሸተኛው?» አለ።

ቆራጩ አልሳቀም። የሚያየው እሷን ነበር። ሜትሯ አሁንም ደንበኛው ትከሻ ላይ ነው። ሰውዬው መንቀሳቀስ ፈርቶ እንደቆመ ቀርቷል።

«ተነፈስክ?» አለችው ቆራጩን።

«ተነፈስኩ።»

«ትከሻ አርባ ስድስት» አለች። በመካከል ጣውላ ስላልነበረ መጮህ አላስፈለጋትም።

«አርባ ስድስት» አለ።

«ልክ» አለች። የመሳቢያው ድምፅ ጠፍቷል።

«ሰኞስ?» አሉ ጋሼ እንባቸውን እየጠረጉ።

«መስኮቶቹ ይጠብቁ» አለች። «ቆመው ነው የሚውሉት፣ የትም አይሄዱም።»

የእትዬ ጀሶ ተፈታ። እጃቸው ዳነ፤ ሜትር አጥብቆ የሚስብ ጉልበት ግን አልቀረውም። ጋሼ መስታወቱ አጠገብ ደህና ወንበር አስቀመጡላቸው። እዚያ ተቀምጠው ለደንበኛ የጨርቅ ቀለም ይመርጣሉ፤ አልስማማም ካለ ይቆጡታል። ልጅቷ ትለካለች። መጋረጃ ቤቱ ተስፋ ቆርጦ ሌላ ሰው ቀጠረ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ደንበኛ ሳይኖር፣ ከግድግዳው ጀርባ ድምፅ መጣ።

«መጋረጃ!»

«አቤት፣ ግድግዳው!»

«ዛሬ እኔም የምለካው አለኝ።»

«የማንን ትከሻ?»

«ትከሻ አይደለም። ጣት ነው።»

የሬድዮ መኪና ቆመ። የሚገርመው ሬድዮም ቆመ። እትዬ ሜትር ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። ልጅቷ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ መስታወቱ ላይ ሰቀለችና በበሩ ገባች።

ቆራጩ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። በእጁ ቀጭን ክር ይዟል። ሌባ ጣቱ ነጭ አይደለም፤ ጎኑ ካሉት ጣቶች አይለይም።

ግራ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ክሩን በቀለበት ጣቷ ዙሪያ አዞረ። መቀስ ይዞ ቢሆን ጨርቅ ያበላሽ ነበር።

«አጥብቀህ አትሳብ» አለችው።

«አልስብም።»

«እንዳትጨምር።»

«አልጨምርም።»

«ቆይ!» አሉ እትዬ ሜትር ከጣውላው ማዶ። «ትንሽ ተውለት! ጣት ይወፍራል። ትዳር ነው እኮ፣ ኮት አይደለም!»

ተያዩ። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

«ስንት ልተው?» አላት።

«ትንሽ» አለች። «ለትንፋሽ ያህል።»

ክሩን ለቀቅ አደረገና ቋጠረው። ቀና ብሎ ጠበቃት።

ለማዶዎቹም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ልክ!» አለች።